ደጋፊ የሚመጣው ሲጠራ ነው

በአንድ የገና ሰሞን ከአሜሪካ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ቡና ሊጠጣ ቤቴ ጎራ ብሎ ነበር። የለበሰው ሹራብ ደረቱ ላይ የአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። ሁለተኛ ዲግሪውን የሠራበት ነው። እዚያ የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ይሁንና በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ፣ ልጆቹን አስከትሎ የዚያን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጨዋታ ሊያይ ይሄዳል። ለቡድኑ መደገፊያም በየዓመቱ ከኪሱ ያዋጣል።

ነገሩ አስገረመኝ። ይህ ሰው አብረን በተማርንባቸው ዓመታት ኳስ ሜዳ ዝር ብሎ አያውቅም። «አንተን ደግሞ ማን ኳስ አፍቃሪ አደረገህ?» አልኩት። ሳቀና «ኳሱን መች ወደድኩት! ይጠሩኛል፣ እሄዳለሁ» አለኝ። ቀጠለናም «በዓመት አራትና አምስት ጊዜ ይጽፉልኛል። ስሜን ያውቃሉ፣ የተመረቅሁበትን ዓመት ያውቃሉ፣ ልጅ መውለዴን ሳይቀር ያውቃሉ። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ያን ያህል ዓመት ያበላንና ያስተማረን ዩኒቨርሲቲ በሕይወት መኖራችንን ያውቃል?» ሲል ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ጉዳዩን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ብዙዎቻችን የዩኒቨርሲቲ ቡድን ደጋፊ የሚያገኘው ሲያሸንፍ ነው፣ ገንዘብም የሚያገኘው ሀብታም ተመራቂ ሲኖረው ነው ብለን እናምናለን። የአሜሪካኖቹን ታሪክ ለተከታተለ ሰው ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። ድጋፍ የተገነባው በጥሪ፣ ለተማሪው ቦታ በመስጠትና በትንሽ መዋጮ ነው። ድሉ ከመጣም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የሚያሳዩ ጥቂት ታሪኮችን ላንሳ። ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፉትቦል ስልም እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ሳይሆን፣ እንቁላል መሳይ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋፉበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው።

«ወደ ቤታችሁ ኑ»

በ1911 የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ አንድ ችግር ገጠመው። የሚዙሪና የጎረቤቱ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ዓመታዊ ግጥሚያቸውን ሲያካሂዱ የኖሩት በካንሳስ ሲቲ ከተማ ነበር። ትልቅ ከተማ በመሆኑ ተመልካች አይጠፋም። በዚያ ዓመት ግን ጨዋታዎች በየዩኒቨርሲቲዎቹ ግቢ ይካሄዱ የሚል ደንብ ወጣ። ሚዙሪ የሚገኘው ኮሎምቢያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ማን መጥቶ ያየዋል?

የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊና አሰልጣኝ የነበረው ቼስተር ብሩወር መፍትሔው ቀላል ነበር። ለተመራቂዎቹ «ወደ ቤታችሁ ኑ» የሚል ጥሪ አስተላለፈ። ሰልፍና የዋዜማ የድጋፍ ስብሰባ አዘጋጀ። በጨዋታው ቀን ከ9 ሺሕ በላይ ሰው ግቢውን ሞላው። በካንሳስ በኩልም ወደ ኮሎምቢያ መጓዝ ያልቻሉ ከአንድ ሺሕ በላይ ሰዎች ሎውረንስ ከተማ ውስጥ ተሰብስበው፣ በቴሌግራም የሚደርሰው ወሬ በሰሌዳ ላይ ሲንቀሳቀስ እያዩ ጨዋታውን ተከታተሉ። ውጤቱ? 3 ለ 3፣ አቻ።

ልብ በሉ፣ ሚዙሪ በዚያ ቀን አላሸነፈም። ቢሆንም በዓሉ ቀረ፤ ዛሬ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በየዓመቱ «ሆምካሚንግ» እየተባለ ይከበራል። እርግጥ የበዓሉ መሥራች እኛ ነን የሚሉ ሌሎችም አሉ። ቤይለር የተባለው ዩኒቨርሲቲ 1909ን፣ ኢሊኖይ ደግሞ 1910ን ይጠቅሳሉ። ማንም ይጀምረው ማን፣ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ተመራቂውን የሚጠራው ሰበቡ ጨዋታው ነው፤ እግረ መንገዱን ግን የድሮ መኝታ ክፍሉን ያያል፣ መምህሩን ይጠይቃል፣ አብረውት ከተማሩት ጋር ይገናኛል። እኛ ለማኅበርና ለጽዋ እንደምንሰባሰብ ሁሉ እነርሱ ለኳስ ይሰባሰባሉ።

የዛሬ ተማሪ፣ የነገ ደጋፊ

ተመራቂ ደጋፊ ከሰማይ አይወርድም። ትናንት በተማሪነቱ ሜዳ ዳር ቆሞ የጮኸው ነው ነገ ቼክ የሚፈርመው። ስለዚህ የዘርፉ አዋቂዎች ሥራውን ከተማሪው ይጀምራሉ።

የዚህ ሁሉ አባት ተደርጎ የሚነገረው የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። ጥር 2 ቀን 1922 ዳላስ ውስጥ ቡድኑ ሴንተር ኮሌጅ ከተባለ ብርቱ ተጋጣሚ ጋር ይጫወት ነበር። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ እየተጎዱ መውጣት ያዙ። አሰልጣኙ ዳና ባይብል ተቀያሪ ሊያልቅበት መሆኑን ሲያይ፣ ጋዜጠኞች መቀመጫ አካባቢ ተቀምጦ የተጫዋቾችን ማንነት ይጠቁም የነበረውን ኪንግ ጊል የተባለ ተማሪ አስጠራው። ጊል ቀደም ሲል በቡድኑ ውስጥ ነበር፤ ወደ ቅርጫት ኳስ ስለዞረ ነው የተለየው። የተጎዳ ጓደኛውን ማሊያ ለብሶ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ በመስመሩ ዳር ቆመ። ቡድኑ 22 ለ 14 አሸነፈ። ጊል አንድም ደቂቃ አልተጫወተም፤ «ካስፈለግሁ ዝግጁ ነኝ» ብሎ ቆመ እንጂ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጨዋታ የሚያዩት ቆመው ነው። ፉትቦል በአንድ ወገን 11 ተጫዋቾች ስላሉት ራሳቸውን «12ኛው ሰው» ብለው ይጠራሉ። የሕግ ሰው ነኝና አንዲት ነገር ልጨምር፦ ዩኒቨርሲቲው ይህን መጠሪያ በ1990 በንግድ ምልክትነት አስመዝግቧል። ሲያትል የሚገኘው ሲሆክስ የተባለ የፕሮፌሽናል ቡድን ሲጠቀምበትም ከስሶት በ2006 ጉዳዩ በስምምነት አልቋል። በአንድ ተማሪ መቆም የተጀመረ ልማድ በሕግ የሚጠበቅ ንብረት ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1940 የተከፈተው የቅርጫት ኳስ አዳራሹ የሚይዘው 9,314 ሰው ብቻ ነው። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ለሜዳው የሚቀርበውን መቀመጫ ለባለጸጋ በውድ ይሸጠው ነበር። ዱክ ግን ያንን ቦታ ለቅድመ ምረቃ ተማሪዎቹ ያለ ክፍያ ሰጠ። ከ1986 ጀምሮም ተማሪዎች ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ለሚደረገው ጨዋታ ቦታ ለመያዝ በብርድ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። ድንኳኑ ውስጥ ስንት ሰው ማደር እንዳለበትና ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ ምን እንደሚደርስበት የሚወስነው ደንብ የተማሪዎቹ ነው፤ ተራ የሚቆጣጠሩትም ራሳቸው ናቸው። እዚያ ድንኳን ውስጥ አብሮ በብርድ የተንቀጠቀጠ ሰው በኀምሳ ዓመቱ የሚጻፍለትን ደብዳቤ ሳያነብ የሚጥል ይመስላችኋል?

አሥር ዶላር በዓመት

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በ1931 የክሌምሰን ኮሌጅ ቡድን በደረጃ ዝቅ በሚል ተጋጣሚ ተሸንፎ ሲመለስ አሰልጣኙ ጄስ ኒሊ በዓመት አሥር ሺሕ ዶላር ባገኝ ጥሩ ቡድን እሠራ ነበር አለ። ጊዜው ግን አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት ነው። አሥር ሺሕ ዶላር የሚሰጥ አንድ ሰው ከየት ይገኛል?

ሩፐርት ፋይክ የተባለ የክሌምሰን ተመራቂ ሐኪም ነገሩን ገለበጠው። አንድ ሰው አሥር ሺሕ ከሚሰጥ አንድ ሺሕ ሰው አሥር አሥር ቢሰጥስ? በ1934 «በዓመት አሥር እከፍላለሁ» የሚል ትርጉም ባላቸው ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት «አይፕቴይ» ተብሎ የተጠራ ማኅበር ተመሠረተ። ጥሬ ገንዘብ ያልነበራቸው ገበሬ ተመራቂዎች ወተትና ስኳር ድንች እያመጡ መዋጮአቸውን ይከፍሉ እንደነበር ማኅበሩ ራሱ ይተርካል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 1 ቀን 1940፣ ክሌምሰን በታሪኩ የመጀመሪያውን ትልቅ የዋንጫ ግጥሚያ ተጫውቶ ቦስተን ኮሌጅን 6 ለ 3 አሸነፈ። ማኅበሩ ዛሬም አለ። ቡድኑም በ1981፣ በ2016 እና በ2018 የውድድር ዘመኖች የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል።

የአሥሩ ዶላር ብልሃት ያለው መጠኑ ማነሱ ላይ ነው። አሥር ዶላር ያዋጣ ገበሬ «ቡድኔ» ማለት ይጀምራል። እኛም ዕቁብና ዕድርን ያቆመው ይኸው ምስጢር መሆኑን እናውቃለን፤ የዕድር ጉልበቱ የአባላቱ ብዛትና መዋጮው አለመቋረጡ ነው።

ጥናትም ወደዚሁ የሚያመለክት ነገር አግኝቷል። ጆናታን ሚርና ሃርቪ ሮዘን የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2009 ባሳተሙት ጥናት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችን ስጦታ መርምረው ነበር። አንድ ወንድ ተመራቂ በተማሪነቱ ይጫወትበት የነበረው ቡድን የምድቡ ሻምፒዮን ሲሆን ለዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ ሥራ የሚሰጠው ገንዘብ በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሴቶቹ ዘንድ ግን ይህን መሰል ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ድል ዋጋ የለውም አልልም፤ ይበልጥ የሚያንቀሳቅሰው ግን «የእኔ ነበር» የሚለው ስሜት ነው።

ቡድኑ የፈረሰ ዕለት

ይህ ሁሉ የሚፈተነው በክፉ ቀን ነው። ታኅሣሥ 2 ቀን 2014 በበርሚንግሃም የሚገኘው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የፉትቦል ቡድኑ መፍረሱን ለተጫዋቾቹ ነገሩ። ምክንያቱ ወጪ ነው። ያለ ዩኒቨርሲቲው ድጎማ ቡድኑ አይቆምም፤ ወደፊት የሚያስፈልገው ገንዘብም ከአቅም በላይ ነው ተባለ። የሒሳብ ጥናት ተያይዟል። ደረቅ ቁጥር ላየ ሰው ውሳኔው ትክክል ይመስል ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ተማሪው ሰልፍ ወጣ። የመምህራኑ ሸንጎ በፕሬዚዳንቱ ላይ እምነት የለኝም የሚል ድምፅ ሰጠ። ተመራቂዎችና የከተማዋ ነጋዴዎች የተባለውን የሒሳብ ጥናት የሚሞግት ሌላ ጥናት ይዘው ቀረቡ፣ ገንዘብ ለመስጠት ቃል ገቡ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 1 ቀን 2015፣ ፕሬዚዳንቱ ውሳኔያቸውን ሻሩ። አሰልጣኙ ቢል ክላርክ ሌላ ሥራ ሳይፈልግ፣ ሁለት የውድድር ዘመን ያለ ጨዋታ ቡድን ሲሠራ ቆየ። በመስከረም 2017 ቡድኑ ወደ ሜዳ ሲመለስ ከ45 ሺሕ በላይ ሰው ተገኘ። በዚያ ዓመት 8 ጨዋታ አሸነፈ፤ በተከታዩ ዓመት የምድቡ ሻምፒዮን ሆነ።

ይህ ቡድን ከመፍረሱ በፊት ኃያል አልነበረም። በዚያው ግዛት ውስጥ ያለው ትልቁ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ዝና ሸፍኖት የኖረ ነው። ከሞት ያተረፈውም ዋንጫ አይደለም። «የእኛ ነው» የሚል ሰው ስለነበረው ነው።

ሰጪ ሲያዝ

እስካሁን ያወራሁት መልካሙን ነው። ይህ ነገር ሌላም ፊት አለው፤ እርሱን ሸሽጎ ማለፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል።

በዳላስ የሚገኘው የሳውዘርን ሜተዲስት ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአገሪቱ ምርጥ የፉትቦል ቡድኖች አንዱ ነበረው። ገንዘብ ያላቸው ደጋፊዎቹ ግን ለተጫዋቾች በስውር ይከፍሉ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተደጋጋሚ ቅጣት ከደረሰበት በኋላ እንኳ ክፍያው አልቆመም። የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር በየካቲት 1987 ባወጣው ውሳኔ 13 ተጫዋቾች 61 ሺሕ ዶላር ያህል እንደተከፈላቸው ገለጸ፣ የ1987 የውድድር ዘመንም ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የቴክሳስ ገዥ ቢል ክሌመንትስ በዩኒቨርሲቲው ቦርድ ኃላፊነት ላይ ሳሉ ክፍያው እንዲቀጥል ከተስማሙት አንዱ መሆናቸውን አመኑ። ዩኒቨርሲቲው የ1988ን የውድድር ዘመንም ራሱ ተወው። በድኅረ ውድድር ዘመን የዋንጫ ግጥሚያ እንደገና የታየው በ2009 ነው።

እንደ ሕግ ተማሪ ስመለከተው ስህተቱ መስጠቱ ላይ አይደለም፤ ማን ያዛል የሚለው ላይ ነው። ስጦታ በሕግ ዓይን ስጦታ የሚሆነው ሰጪው እጁን ከነገሩ ላይ ሲያነሳ ነው። ሰጥቶም የሚያዝ ሰው ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ባለቤትነቱ ደግሞ በምሥጢር ከሆነ ተጠያቂነት የለበትም። ሺሕ ሰው አሥር አሥር ሲሰጥ ማንም አያዝም፤ አንድ ሰው ሁሉን ሲሰጥ ግን አሰልጣኙን የሚሾመውም የሚሽረውም እሱ ይሆናል።

በዚያ አገር ሕጉም ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2021 በአልስተን ጉዳይ በሙሉ ድምፅ ማኅበሩ ከትምህርት ጋር ለተያያዙ ጥቅሞች የጣለው ገደብ የውድድር ሕግን ይጥሳል ሲል ፈረደ። ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ ደጋፊዎችም ለዚሁ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ማኅበራትን አቋቋሙ። በሰኔ 2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ያጸደቀው የሃውስ ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል በቀጥታ ለተጫዋቾቻቸው እንዲያካፍሉ ፈቀደ። በ1987 ቡድን ያፈረሰው ዓይነት ገንዘብ ዛሬ በአብዛኛው በገሃድ ይከፈላል ማለት ነው። ይህ ለተጫዋቹ ፍትሕ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ወገን ነኝ። የአሥር ዶላሩ ተመራቂ ግን በዚህ ገበያ ውስጥ ድምፁ ይሰማ ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

ወደ እኛ ስንመጣ

ለእኛ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል የሚል አንባቢ ይኖራል። በእኔ እምነት ጉዳዩ ከኳስ በላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበት መንገድ ተከፍቷል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆኗል። ራስ ገዝ መሆን ማለት ቀስ በቀስ የራስን ገቢ መፈለግ ማለት ነው። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ዞሮ ተመራቂዎቹን መፈለጉ አይቀርም። ዘመድ የማይጠይቅ ሰው በቸገረው ቀን ብቻ በር ሲያንኳኳ ምን ዓይነት ፊት እንደሚጠብቀው እናውቃለን።

ደግሞ እኛ መሰባሰብ የማናውቅበት ሕዝብ አይደለንም። የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ምን እንደሚመስል ለዚህ አገር ሰው አይነገርም። በውጭ ያለው ወገናችንማ የራሱን ሆምካሚንግ ከፈጠረ ቆይቷል። በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ ከየከተማው ቡድኖችን አሰባስቦ ያጫውታል። በሺሕ የሚቆጠር ሰው ይጎርፋል። ከመካከላቸው ስንቱ ነው ጨዋታውን የሚያየው? አብዛኛው የሚመጣው ዘመድና የዱሮ ጓደኛ ሊያገኝ፣ እንጀራ ሊበላ፣ ሙዚቃ ሊሰማ ነው። ኳሱ ሰበብ ነው። ግን ያ ሰበብ ባይኖር ማንም አይመጣም ነበር።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለውም። በመጀመሪያ የተመራቂዎች መዝገብ ያስፈልጋል፤ ስም፣ የምረቃ ዓመት፣ አድራሻ። ሁለተኛ፣ በዓመት አንድ የማይለዋወጥ ቀን ይሰየም፤ በፋኩልቲዎች መካከል ወይም ከጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ጋር አንድ ጨዋታ ይኑር፣ ተመራቂው ይጠራ። ሦስተኛ፣ ለሜዳው የሚቀርበው ቦታ ለክብር እንግዳ ሳይሆን ለተማሪ ይሰጥ። አራተኛ፣ መዋጮው ትንሽ ይሁን፣ ጀማሪ መምህርና ጀማሪ ጠበቃ የማይከብደው። አምስተኛው፣ ሁሉን የሚያስረው፣ በየዓመቱ ምን ገባ ምን ወጣ የሚል ኦዲት የተደረገ ሒሳብ ለእያንዳንዱ አዋጪ ይላክ። ሒሳብ የማያይ ሰው ሁለተኛ ጊዜ አይሰጥም፤ ሒሳብ የማይቀርብበት ገንዘብም ውሎ አድሮ ጌታ ያገኛል።

የሴቶቹን ቡድን ደግሞ አንርሳ። አሜሪካኖቹ በ1972 በወጣው የትምህርት ሕግ የጾታ አድልዎ እስኪከለከል ድረስ ለሴት ተማሪዎች ስፖርት የሚሰጡት ትኩረት እጅግ ዝቅተኛ ነበር። ሚርና ሮዘን በሴት ተመራቂዎች ላይ ለውጥ አለማየታቸው ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዝ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። እኛ አዲስ ስንጀምር ያንን ስህተት መድገም የለብንም። በአትሌቲክስ ስማችንን ካስጠሩልን ግማሾቹ ሴቶች አይደሉም እንዴ?

ጓደኛዬን ስሸኘው በር ላይ ቆመን «እዚህ ቢጠሩህስ ትመጣለህ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ሹራቡን እያስተካከለ ትንሽ አሰበ። «ጥቅምት ላይ ከሆነ ይጋጭብኛል» አለና ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ጥር ላይ ያድርጉት፤ ልጆቼንም ይዤ እመጣለሁ» አለኝ።

ቀኑን እንኳ ቆርጦልናል። የቀረው ደብዳቤውን የሚጽፍ ሰው ነው።